በሶፋው ውስጥ የተገኘው ሽጉጥ

በደርግ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያረጁ ሶፋዎች እናድስ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ቆዳው የተቀደደ ሶፋ ላከልን። ሳየው ደነገጥሁ፤ ከታሰረው ጎረቤታችን፣ ከነጋዴው ቤት የተወሰደ ነበር። ይዞት የመጣው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠ።

ቆዳውን ገልጬ ያረጀውን ቃጫ ከሞላዎቹ መሀል ስጎትት እጄ ብረት ነካ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ ነበር። ይህ ከታየ ጎረቤታችን እንደማይተርፍ አወቅሁ። ባለቤቴን በዓይኔ ጠቀስሁት። እሱ ከጠባቂው ዓይን ከልሎኝ ሚስማር መምታት ጀመረ፤ እኔም ሽጉጡን ከነቃጫው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትሁት።

ቆዳውን ሰፍተን ስንጨርስ ጠባቂው ተነሳና ከረጢቱን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይችን ቃጫ ለፍራሼ ልውሰዳት» አለኝ።

«ውሰዳት ወንድሜ፤ ግን ትኋን ወርሯታል። እኔን ሲበላኝ ነው የዋለው» ብዬ ክንዴን እስኪቀላ አከክሁ።

ፊቱን አኮሳትሮ ወደ ኋላ ሸሸ። ሶፋውን አሸክሞ እንደሄደ ባለቤቴ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ከረጢቱን ተሸክሜ ወርጄ ሽጉጡን ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጣልሁት።

ጎረቤታችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታ። ሱቃችን መጥቶ፣ «ሶፋዬን እናንተ ናችሁ አሉ ያደሳችሁት» አለ።

«እኛ ነን» አልሁት።

የሁለታችንንም እጅ ያዘና «አላህ ይስጣችሁ» ብሎ አለቀሰ።