የወታደሩ ብርጭቆ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አጎቴ ቼዝ የሚጫወቱት ከሽምብራ ጋር ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው መስኮት ሥር ለየቼዝ ጠጠሩ ዓይነት አንድ አንድ የሻይ ብርጭቆ ደርድረዋል፤ ለንግሥቲቱ፣ ለፈረሱ፣ ለወታደሩ። በብርጭቆው ያለው ሽምብራ የጠጠሩ ዋጋ ነው። ተጋጣሚዎቻቸው ብርጭቆዎቹ ናቸው፤ የእነሱ ተራ ሲደርስ፣ ብዙ ሽምብራ የሚያስቀርላቸውን እርምጃ ቆጥረው ይጫወቱላቸዋል። ብርጭቆዎቹ ከተሸነፉ፣ ካሳሳታቸው ጠጠር ብርጭቆ አጎቴ አንዲት ፍሬ ቀንሰው፣ ብርጭቆዎቹ ለናቁት ጠጠር ይጨምራሉ።

«እኔ እጄን ብቻ ነው የማውሳቸው፤ የሚማሩት በራሳቸው ነው» ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ ልጃቸው ከሰኞ ገበያ ታፍሶ ዘመተ። ከዚያ ወዲህ የወታደሩ ብርጭቆ እየሞላ ሄደ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚጨምሩበት?» አልኋቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም! የምከተለው ሕጉን ነው።»

ልጃቸው አልተመለሰም። እሳቸውም ተከተሉት።

ለቀስተኛው ሲበተን ከባዶ በርጩማቸው ፊት ለፊት ተቀመጥሁና፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት እየቆጠርሁ ለብርጭቆዎቹ ተጫወትሁላቸው። አንድ ተራ ወታደር ለማዳን ንግሥታቸውን ሰጡኝ፤ ተሸነፉም። በሕጉ መሠረት ከወታደሩ ብርጭቆ አንዲት ፍሬ መነሳት አለባት። ጣቴን ሰደድሁ።

ሽምብራው ይሞቃል፤ ገና አሁን ከሰው መዳፍ የወጣ ይመስላል። የሌሎቹን ብርጭቆዎች ሽምብራ ነካሁ፤ እንደ ደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው።

ያነሳኋትን ፍሬ ወደ ቦታዋ መለስኋት።