ፍሬን ያገኘ ዕለት

ይህን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራው ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለሚነካው፣ አስቀድሜ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በጭነት መኪና ግንባር ላይ ከተጻፉት ቃላት ነው፤ መኪናው ሲቆም ረዳቱን «ይህች ምን ትላለች?» እያልኩ። ዛሬ ግን በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው ሁለት ዲግሪ ካለው ልጁ ይልቅ እኔን ያምናል። ፍርድ ቤት ያላበቃውን የድንበር ክርክር ዛፍ ሥር ቁጭ አድርጌ ጨርሻለሁ። ቅኔ ቤትም አልገባሁም፤ ሰምና ወርቅ ሲነገር ግን ከሰሚው ሁሉ ቀድሞ ወርቁ የሚገባው ለእኔ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሹፌሩ ደጋፊ ነበርኩ። በእኛ አገር ሹፌር ሲባል አንድ ሰው ነው። የቀሩት መኪና ነጂዎች ናቸው።

በገበያ ቀን ጠዋት ከጅጋ ተነስቶ ቡሬ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ በርበሬ ጭኖ፣ እኛን ከጆንያው ላይ ደርድሮ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመለሳል። በዚያው መንገድ አንድ የቡሬ ሰው ሌላ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሁለቱ «እንሽቀዳደም» ተባብለው አያውቁም። አንዱ ሞተር ሲያስነሳ ሌላው ምሳውን ትቶ ይነሳል፤ በቃ። እኛ ተሳፋሪዎች ግን ለሁለት ተከፍለን፣ ሠርግ ላይ እንኳ ከየወገናችን ጋር ነበር የምንቀመጠው። የሹፌሩን ጥሩምባ ከሩቅ የሰማች ባለምግብ ቤት ወጥ ታሞቃለች። ከፊቱ መኪና ካለ ዓይኑ ይቀላል፣ ቃል አይወጣውም። ካለፈው በኋላ ብቻ ነው እንደ ሰው የሚተነፍሰው።

በመንገድ ዘመኑ የተቀደመው አንድ ቀን ነው። እኔ ያን ቀን ከላይ ነበርኩ፤ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ የቡሬውን ሰው አቧራ እየተመለከትኩ እስቅበት ነበር። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ መኪናው ድንገት ቆመ። አንዳችን በሌላችን ላይ ተደራረብን፣ አንድ ጆንያ ተቀደደ፣ በርበሬው ዓይናችን ውስጥ ገባ። እያለቀስን ዓይናችንን ስናሽ የቡሬው ሰው ጥሩምባውን እየነፋ በጎናችን አለፈ። ትንሽ ቆይተን ጉዞ ጀመርን። ለምን ቆመ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተሸነፈ ሰው ምን ይጠየቃል?

የሹፌሩ ሚስት በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። እኛ ገና እጃችንን እየታጠብን ሳለ የቡሬው ሰው ገባና ቤቱ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አላት፦

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ባልሽ ዛሬ ፍሬን አገኘ አሉ!»

ሰሙ የመኪና ፍሬን ነው፤ ማቆም የማያውቀው ሰው ዛሬ ቆመ ማለት ነው። ወርቁ የማህፀን ፍሬ፣ ልጅ ነው። ሹፌሩና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ ይህን ደግሞ ከጅጋ እስከ ቡሬ የማያውቅ የለም። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ ተነስቶ ወጣ። ሚስቱ ሳህን ታነሳ ነበር፤ ማንሳቷን አላቆመችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። እኛ ደጋፊዎቹም ሹፌሩ የተቆጣው ስለተቀደመ ነው እያልን ዘመናችንን ጨረስን።

አሁን በቅርቡ ሹፌሩ ታመመ። ሐኪም ቤት ከርሞ «ቤቱ ይረፍ» ተብሎ ተመለሰ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማስተርጎም አያሻም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነፍስ አባቱ መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሥጋ ወደሙን ይዤልህ እመጣለሁ» አሉት። «ቂም ይዘህ ግን አላቆርብህም። ከዚያ ከቡሬው ሰው ጋር ዛሬውኑ ታረቅ። ከነገ ወዲያ ያለውን ቀን እኔም አንተም አናውቀውም።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ቄሱ ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ።

ግቢው ውስጥ የድሮ ደጋፊዎቹ ተቀምጠናል፤ የበርበሬ ነጋዴዋ፣ የበቆሎ ነጋዴውና እኔ። ሌላ የምናደርገው ስላልነበረን ስለ እሱ እናወራለን።

«ቁጡ ነበር እንጂ መሪስ ያውቅ ነበር» አለ የበቆሎ ነጋዴው።

«ቁጡ አትበለው!» አለች የበርበሬ ነጋዴዋ። «እኔን አንድ ቀን "ኧረ ቀስ በል" ስላልኩት አወረደኝ። "ቀስ ያለ ከፈለግሽ እግርሽ አለልሽ" ብሎ።»

«ታዲያ ይኸ ቁጣ አይደለም?»

«አስጨርሰኝ እንጂ! ሌላ መኪና መጥቶ እስኪወስደኝ ድረስ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱን ግን አንዴም ወደ እኔ አላዞረም። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።»

ግድግዳው ከውስጥ ተደበደበ።

«ነበር አትበሉኝ! ገና አለሁ! ስሞት ታወሩታላችሁ!»

ድምፁ ውስጥ ግን ትንፋሽ አልነበረም፤ ጥቂት ቃል ተናግሮ እንደ ሯጭ ያለከልክ ነበር። ያኔ ተነሳሁ።

«የቡሬውን ሰው እኔ አመጣዋለሁ።»

«አያ፣ ይተዉት» አለኝ የበቆሎ ነጋዴው። «ያ ሰው ለንጉሥም አይነሳ።»

«ንጉሥ አልላክንበትም» አልኩት። «እኔ ነኝ የምሄደው።»

ቡሬ ደርሼ ሳገኘው ጎማ ቤት ደጃፍ፣ ያለቀ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሮጌው መኪናው አጠገቡ ቆሟል። እንዳየኝ ፊቱ ተለወጠ።

«ሞተ?»

«አልሞተም። ዛሬ ይቅርታ ካልጠየቅከው ግን ሳይቆርብ ይሞታል።»

«መቀደሜን ይመን፤ እጠይቀዋለሁ።»

«ወንድምዓለም፣ አንተ በዕድሜህ አንድ ቀን ቀድመህ ይኸው እስከ ዛሬ በዚያች ቀን ውስጥ ትኖራለህ። እሱ ነገ ካልቆረበ የሚገባበት ቤት የለውም።»

ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ስሄድ ሚኒባስ ላይ ነው። አሁንም ስጽፈው ደረቴን ይሞቀኛል። ሰውዬው ወደ መኪናው ሄደና ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ሆኖ የኖረውን ድንጋይ አነሳ። መሬት ላይ አልጣለውም፤ ጋቢና ውስጥ በእኔና በእሱ መካከል አስቀመጠው።

«ግባ» አለኝ።

እንደዚያ ቀን የተጨነቅኩበት መንገድ የለም። ያ አቧራው ሰማይ ይነካ የነበረ ሰው መሪውን እንደ እንቁላል ይዞ ይንፏቀቃል። ባጃጅ አለፈን። ጋሪ ሊያልፈን ምንም አልቀረው።

«ፍጠን እንጂ!»

«ሞተሩ አርጅቷል።»

«ያረጀው ሞተሩ ነው?»

መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ። የበርበሬ ነጋዴዋ ናት። «አያ፣ የት ደረሳችሁ? ትንፋሹ እየራቀ ነው» ብላ ዘጋችው። የሰማሁትን ነገርኩት። እግሩ ግን ነዳጁን አልጫነም። ያኔ ገባኝ፤ ለመድረስ ፈርቷል። ያ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ደግሞ ጭራሽ ሊቆም ምንም አልቀረው።

«እዚህ ለምን ነበር የቆመው?» አለኝ። «አንተ ከላይ ነበርክ።»

«ፊቴ ወደ አንተ ነበር» አልኩት።

«ሳልፍ ጋቢናው ባዶ ነበር። ሊሸና የወረደ መስሎኝ ስቄያለሁ።»

ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የቡሬው ሰው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። እኛ ደጋፊዎች በሩን ሞልተን ቆምን። ነፍስ አባቱም ተጠርተው መጥተዋል።

«ይቅር በለኝ።»

ሹፌሩ ጣሪያውን እንደተመለከተ «ከቡሬ መቼ ተነሳችሁ?» አለ።

«ከምሳ በኋላ» አልኩ እኔ።

«በዚህ አነዳድ ነው ቀደምኩት የሚለው?»

አንድ ሰው ከኋላዬ ሳቁን ዋጠ። የቡሬው ሰው ግን አልሳቀም። አንገቱ ከድንጋዩ ክብደት እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ያን ቀን ፍሬን ያጣው ምላሴ ነው» አለ።

ቄሱ ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ሽማግሌ ነኝና «እንግዲህ ይቅር ለእግዚአብሔር በል» አልኩት። ሹፌሩ ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ።

«ቀድሞኛል፤ አልክድም። እኔን የሰደበኝን ያኔውኑ ትቼለታለሁ። ማርያም ማረችሽ ያለው ግን እኔን አይደለም። የእሷን ይቅርታ እኔ ከየት አምጥቼ እሰጠዋለሁ?»

ሁላችንም ዘወር አልን። ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ የውኃ ጣሳ ይዛ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ስንቱን ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው፣ እሷን አንዲት ቃል አልጠየቅኳትም ነበር፤ የጠየቃትም የለም። የቡሬው ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ብዙ አየችው። የሹፌሩ ትንፋሽ ሲወጣና ሲገባ ይሰማል። እንቢ ብትል ማን ይፈርድባታል? እንቢ ብትል ደግሞ ቄሱ ነገ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

«ያን ቀን ለምን እንደቆመ ጠይቀኸዋል?» አለችው።

«አልጠየቅኩም።»

«እናንተስ?» ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ ራሷ ነገረችን።

«ከመታጠፊያው ማዶ ሕፃን መንገዱ መሐል ተቀምጦ አፈር ይጫወት ነበር። ወርዶ አንስቶ ለእናቱ ሰጣት። የሰው ፍሬ ነው። ቤት ሲገባ አፈሩ ገና እጁ ላይ ነበር። ይህን ነግሮኝ ሳይጨርስ ነው አንተ የገባኸው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ስትለኝ፣ የሕፃኑን ነገር ሰምተህ የመረቅከን መስሎኝ አሜን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሰዉ ሳቀ።»

የቡሬው ሰው ግንባሩ መሬት ነካ። ድንጋዩ ወደ ፊት ሊንሸራተት ሲል ጣሳውን አስቀመጠችና በሁለት እጇ ከማጅራቱ ላይ አነሳችው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «ተነስ። ይኸን ደግሞ ወስደህ ጎማህ ሥር አድርግ፤ ቁልቁለት ላይ ነው ያቆምከው።»

«ያለ ታኮ?» አለ ሹፌሩ ከአልጋው። «አይ የቡሬ ሹፌር!» ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያፍነው ሳቀ። እጁንም ዘረጋለት።

በማግስቱ ቆረበ። ከዚያ በኋላ የኖረው ጥቂት ነው፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ግን የቡሬው ሰው እየመጣ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ስለ ማርሽ ይከራከራሉ።

በዚህ ነገር ውስጥ እኔ ያደረግኩት የሚከተለው ነው፤ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ» ቢል አትመኑት።

ለንጉሥ የማይነሳውን ሰው በአንድ ንግግር አስነስቼ ከቡሬ አምጥቻለሁ።

ሹፌሩ ቂም ሳይይዝ እንዲቆርብ አድርጌያለሁ። የመጨረሻዋን ቃል የተናገረችው ሚስቱ ናት፤ ቃሉ የሚነገርበትን ሰው እፊቷ ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

የበርበሬ ነጋዴዋንና የበቆሎ ነጋዴውን አስማምቻለሁ። ከእንግዲህ ሹፌሩ «ቁጡ» አይባልም፤ «ቆራጥ» ይባላል።

ያን ሕፃን እየፈለግኩ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። አገኘዋለሁ።

በቀብሩ ቀን ሬሳው የተጫነበትን መኪና የነዳው የቡሬው ሰው ነው፤ ይህን ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ከኋላ ብዙ መኪና ተከትሎ ነበር። እኔ ጭነቱ ላይ ከሬሳው አጠገብ ቆሜ፣ ፊቴን እንደ ድሮው ወደ ኋላ አዙሬ፣ በትሬን ዘርግቼ ሄድኩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አንድም መኪና አልቀደመውም።