ውሃ ልክ የተቀመጠ ዕለት

ተፈቀደ! ስሙኝማ፣ ተፈቀደ! ይሆናል አይሆንም እያልን ደጅ ለደጅ የተከራከርንበት ይግባኝ ዛሬ ጠዋት ተፈቀደ። የማን እንደሆነ ሳልናገር አፌ ቀደመኝ መሰለኝ፤ ደስታ ሲይዘኝ እንዲህ ነኝ። የውሃ ልክ ነው! የጎረቤታችን፣ የሴራሚክ አንጣፊው።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ውሃ ልክ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ውሃ ልክ ማለት ያቺ ወለል መስተካከሉን የሚያዩባት፣ መሃሏ ላይ አረፋ የምትዋልልባት መለኪያ ናት። ሰውየውም እንደሷው ነው፤ ሳይለካ አያምንም። የታሸገ ውሃ ሲገዛ ክዳኑን አዙሮ አዙሮ ያያል። ሰው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለው «ምን ፈልጎ ይሆን?» እያለ ቤቱ ይገባል። ድሮ ላግባሽ ሲላት ሚስቱ «እሺ» ብትለው፣ «ለምን ቶሎ እሺ አልሽ?» ብሎ እንደጠየቃት እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራለች።

ጠባዩ ከሥራው የመጣ ነው። አንጣፊ ሴራሚኩ ሲደርቅለት በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል፤ ከሥሩ ሲሚንቶ ያልሞላው እንደሆነ ድምፁ ያጋልጠዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ግን ያው ነው፣ ያብረቀርቃል። ውሃ ልክ ዕድሜውን ሙሉ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያንኳኳ ኖሮ፣ በኋላ ሰውንም ያንኳኳ ጀመር።

ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ ካርቶን ሴራሚክ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ከዳውና ከነሸክሙ ተንከባለለ። ወገቡ ተጎዳ፤ ድሮም በመንበርከክ ያለቁት ጉልበቶቹ ጭራሽ አንታዘዝም አሉ። ያከመው ሐኪም «ከእንግዲህ ከተንበረከክህ በራስህ እግር መሄድን እርሳው» አለው። የአካል ጉዳት አበል ጠየቀ። አበሉን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ወደ መረጠው ሐኪም ልኮ አስመረመረውና መልሱ መጣ፤ «መሥራት ይችላል»። የቀረው አንድ ይግባኝ ብቻ ነበር፤ እሱ ከወደቀ አለቀ። ፎርማኑ ደግሞ ስልኩን አላሳርፍ ብሏል፤ «የሆቴሉ ወለል አንተን እየጠበቀ ነው፤ ትመጣለህ አትመጣም?» ይግባኙ ካልተሳካ ውሃ ልክ ያለው ምርጫ እዚያ ወለል ላይ ተመልሶ መንበርከክ ነው።

ጠበቃዋን ያገኘቻት ሚስቱ ናት። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል በነጻ የሕግ ድጋፍ የምትሰጥ ወጣት አለች ሲባል ሰማች።

«በነጻ?» አለ ውሃ ልክ።

«በነጻ።»

«እሷንስ ማን ነው የሚከፍላት?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደህ ጠይቃት።»

ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ሻይ የሚጠጣው የሚስቱ ወንድም ፈገግ አለ። ደላላ ነው፤ ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል። «እኔ እንደሆነ ኮሚሽን የሌለው ሥራ እስካሁን አላየሁም» አለ። «ካንተ ካልተቀበለች ከነሱ ትቀበላለች ማለት ነው። በሰላም እንድትሸነፍ ነው የመደቧት። ይልቅ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው አለኝ፣ ላገናኝህ።»

ውሃ ልክ አማቹን አያምነውም፤ ማን ያምነዋል! ነገሯ ግን ልቡ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

የጠበቃዋ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳ ሙሉ ፋይል።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችው።

«ግድ የለም፣ ቆሜ ይሻለኛል።»

ሚስቱ ተቀመጠች፤ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጠበቃዋ ትጠይቅ ጀመር፤ የምትጠይቀው ግን ስለ ሕግ አልነበረም። ጫማዎን ማን ያስራል? ገላዎን ሲታጠቡ ምን ይይዛሉ? ቁልፍ ከእጅዎ ቢወድቅ ማን ያነሳል?

«ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?»

«ጉዳዩ ይሄው ነው ጋሼ። ከባድ ዕቃ ማንሳት ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

«መንበርከክስ?»

«እችላለሁ።»

«ደረጃ?»

«እችላለሁ አልኩ'ኮ!»

ሚስቱ ጭኗን መታች። እናንተ ግን አትፍረዱበት። እሱ ባደገበት ሥራ «አልችልም» ያለ ሰው ነገ አይጠራም። ጣቱ ተቀጥቅጦ እንኳ «ምንም አይደል፣ እችላለሁ» ያለ ነው የሚቀጥለው ሳይት የሚወሰደው። ምላሱ ሌላ መልስ አልለመደም፤ ለዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ሐኪምም ሲመልስለት የነበረው እንዲሁ ነው።

ሲወጡ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት። «አየሻት? ጫማዬን ማን እንደሚያስር ምን አገባት? ጽፋ ልትሰጣቸው ነው።»

«ለማን?»

«ለነሱ!»

ጥርጣሬው ሳይበርድ ሌላ ተጨመረበት። አንድ ቀን ስለ ቀጠሮው ሊጠይቅ መሥሪያ ቤቱ ቢሄድ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ጠበቃዋን አያት። ከማን ጋር ቆማ ቢሆን ጥሩ ነው? ውሃ ልክን «ነገ ና» እያለ ካመላለሰው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር! ይሳሳቃሉ። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አደራህን!» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ደሙ ፈላ። ሳታየው ምርኩዙን እያንኳኳ ተመለሰ።

«ሸጠችኝ!» አለ ቤት ሲደርስ።

«አላልኩህም?» አለ ደላላው ከሶፋው ሳይነሳ።

«አንተ ደግሞ ሶፋችንን ልቀቅ!» ብላ ሚስቱ ወንድሟን አባረረችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ተጠራጠርክ አይደል? ሂድና ራሷን ጠይቃት። እዚህ እኔ ላይ አታጉረምርም።»

በማግስቱ ሄዱ። ውሃ ልክ ግን ሊጠይቃት አልነበረም የሄደው፤ ሊያንኳኳት ነው። እንደ ልማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዲህ እናድርግ። እኔ እንደሆነ ሁሉንም እችላለሁ፤ ሲሚንቶ ከነከረጢቱ እሸከማለሁ። ግን ምንም አይችልም በያቸው። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ማን ይሰማናል?»

ብሎ ጆሮውን ጣለ። ከነሱ ወገን ከሆነች ይቺን ቃል ደስ ብሏት ትጽፋታለች። እንደ አማቹ ከሆነች ደግሞ ጠቀስ ታደርገውና ትስማማለች። ሁለቱም ባዶ ድምፅ ነው።

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይሄ እውነት ከሆነ እዚሁ እንለያይ። እኔ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት አልቆምም፤ ለእናቴም ቢሆን።»

ውሃ ልክ አዳመጠ። ድምፁ ሙሉ ነው። ይሄ ደግሞ ይባስ አናደደው።

«ታዲያ ትናንት ከዚያ ልጅ ጋር ምን ያሽኮረምምሻል?»

«አይተውኛል እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ፋይልዎን ከሰው ፋይል ሥር ቀብሮት፣ አውጣልኝ ብዬ ስለምነው ነበር። አምጥቶ ለጉባኤው ሰብሳቢ ሰጠልኝ። እሱን ቆንጆ ማለት ለእኔም ቀላል አልነበረም'ኮ ጋሼ።»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። ውሃ ልክ ግን አልሳቀም፤ ሊስቅ ሲል ጠበቃዋ አንድ ወረቀት አንስታ አነበበችለት። የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም የጻፈው ነው፤ «በምርመራው ጊዜ ሁሉ ያለ ችግር ቆመው ቆይተዋል፤ እንዲቀመጡ ቢጋበዙም አልፈለጉም።»

«የጣለዎት ይሄ ነው» አለችው። «እዚህም ሲመጡ ተቀምጠው አያውቁም። ለምን?»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ከተቀመጠ አይነሳማ!» አለች ሚስቱ ፍንድት ብላ። «እኔ ካላነሳሁት አይነሳም! ሰው ፊት ከሚንደፋደፍ ቆሞ ቢሞት ይመርጣል። ባንክ ቆሞ፣ ሆስፒታል ቆሞ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ሲለቁለት ‹ቅርብ ወራጅ ነኝ› እያለ!»

«አንቺ ሴትዮ!»

«ምን አንቺ ሴትዮ! ይኸው ነገርኳት!»

ጠበቃዋ አንዴ እሱን አንዴ ወንበሩን አየች። «በጉባኤው ቀን ይቀመጡም፣ ይቁሙም አልልዎትም፤ ያ የእርስዎ ነው። የጠየቁዎትን ብቻ ቤትዎ እንደሚያደርጉት በእውነት ይመልሱ። ለምን እንደቆሙ እኔ አስረዳቸዋለሁ፤ ካመኑኝ።»

ካመኑኝ! ውሃ ልክ እስከ ጉባኤው ቀን ድረስ ያቺን ቃል ሲያገላብጣት ከረመ።

ጉባኤው ሦስት ሰው ነበር፤ መነጽር ያደረገች ሰብሳቢና ሁለት ወንዶች። ጠበቃዋ ነገሩን አፍታታ ተናገረች፤ የቆመው ስለሚችል ሳይሆን ተቀምጦ መነሳት ስለማይችል መሆኑን አስረዳች። ከሁለቱ ወፍራሙ ሰውዬ ግን አልተዋጠለትም።

«አለመነሳታቸውን ማን አየ?» አለ። «አሁንም ይኸው ቆመዋል'ኮ!»

እውነቱን ነው፤ ውሃ ልክ እንደ ግንድ ቆሟል።

«ይቀመጡ አባት» አለች ሰብሳቢዋ።

«ግድ የ…» አለና ዋጣት። ወንበሩን አየው። ዝቅ ያለ ነው፣ የእጅ መደገፊያ የለውም። ሆን ብለው ነው ያመጡት፣ አለ በልቡ። ጠበቃዋን አያት፤ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራለች። ሚስቱን ፈለጋት፤ አጠገቡ ያለውን ቦታ ትታ በሩ ጋ ተቀምጣለች። ያ የሆቴል ወለል ዓይኑ ላይ ድቅን አለ።

ተቀመጠ። ተቀመጠ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል።

«መንበርከክ ይችላሉ?» አለ ወፍራሙ።

«እች…» ፎርማኖቹ ሁሉ ከየሳይቱ መጥተው ፊቱ የተሰለፉ መሰለው። «አልችልም» አለ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም።

«ጫማዎን ያስራሉ?»

«እሷ ናት የምታስረው» አለ፤ በአገጩ ወደ በሩ እያሳየ።

«በቃ ጨርሰናል» አለች ሰብሳቢዋ። «መሄድ ይችላሉ።»

ሁሉም ጠበቁት። ጠረጴዛውን ጨበጠ፣ ምርኩዙን ተከለ፣ ግማሽ ድረስ ተነስቶ ተመልሶ ዘጭ አለ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። የጥበቃ ሠራተኛው ሊይዘው ጠጋ ሲል ከወደ በሩ ጩኸት ተሰማ።

«አይንኩት! በዚያ በኩል ከሳቡት ያመዋል!»

ሚስቱ መጣች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጉልበቷን ከጉልበቱ ገጠመች፣ እጆቹን አንገቷ ላይ አስጠመጠመች፤ ቤታቸው ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርጉት። «በል የኔ ሴራሚክ፣ እንዳትሰበርብኝ» አለችው በጆሮው፤ ክፍሉ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማት። ሳብ አደረገችው። ቆመ። ወፍራሙ ሰውዬ አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር።

ውጭ ሲወጡ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም፣ ጥርጣሬው ግን ተመልሷል። «ለምን በሩ ጋ ተቀመጥሽ? ተማክራችሁብኛል!»

«እኔማ አጠገብዎ እንዲሆኑ ነበር የነገርኳቸው» አለች ጠበቃዋ።

ሁለቱም ወደ ሚስቱ ዞሩ። «እዚያ ጋ ነፋስ ነበራ» አለችና ጣሪያውን ታይ ጀመር። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ዛሬ ጠዋት ውሳኔው መጣ። «ተሳስተው ይሆናል» አለ ውሃ ልክ። ሚስቱን አስነበባት፤ «አንቺ ለእኔ ታደያለሽ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ እኛ ቤት መጣ። እኔም አነበብኩለት። ማህተሙን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፤ እውነቴን ነው! ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎርማኑ ጋ ደወለና፣ «ወለሉን ለሌላ ሰው ስጠው። እኔ አልችልም» አለ። በዕድሜው ሁለተኛዋ «አልችልም» ናት፤ ይቺ ግን ወገቧን ይዛ ኮራ ብላ የወጣች ናት።

ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። «ይቀመጡ ጋሼ» ስትለው እሺ ብሎ ተቀመጠላት። እስኪነሳ እሱም ሚስቱም ወዛቸው ጠብ አለ አሉ! መሰናበቻው ላይ ግን በሩን ይዞ ዞር አለና፣ «እኔ የምለው… እውነት አሁን ማን ነው የሚከፍልሽ?» አላት።

በሉ እዚህ ላይ ልተዋችሁ። ደላላው ገና አልሰማም! ያ ኮሚሽን የሌለው ሥራ አላየሁም ባዩ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እኔ ልንገረው፤ ፊቱን ማየት አለብኝ፤ ጫማዬንም መንገድ ላይ አስረዋለሁ።