የጋሽ ዘሪሁን መብረቅ

ካምፓላ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወረቀት ኮፒ ሳስደርግ ነው ሽታው የመጣብኝ። ማሽኑ አርጅቷል፤ በጋለ ቁጥር በረኪና የነካው ብረት የመሰለ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ቀጭን ሽታ ይተፋል። ባለሱቋ ወረቀቴን ይዛ ቆማለች፤ እኔ ግን ኪሱጉ ሰፈር፣ በልጅነቴ በተከራየነው ግቢ ውስጥ፣ ጋሽ ዘሪሁን አጠገብ ነበርኩ።

ጋሽ ዘሪሁን የጓሮዋ ክፍል ተከራይ ነበር። ቀን ቀን የካባላጋላ መጠጥ ቤቶችን ድምፅ ማጉያ ይጠግናል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቴስላ ኮይል ይሠራ ነበር፤ የቤት ኤሌክትሪክ አጠንክሮ አየር ላይ መብረቅ የሚረጭ መሣሪያ። እንደ እሱ በዚህ ነገር የተለከፈ ካቶ የሚባል ኡጋንዳዊ ጓደኛ ነበረው። አንድ ቅዳሜ ካቶ ከመጠጥ ቤት የኒዮን ማስታወቂያ የተነቀለ ትራንስፎርመር እንደ ሕፃን አቅፎ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ መጣ። ከእኛ ደጅ ደግሞ የቢራ ጠርሙሶች ተደርድረው ነበር፤ የጨው ውሃ ተሞልተው፣ በፎይል ተጠቅልለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት እነሱ ናቸው።

ሽቦውን የምጠመጥመው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ዘሪሁን የፕላስቲኩን ቱቦ ቀስ እያለ ያዞራል፤ እኔ ፀጉር የመሰለውን የመዳብ ሽቦ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ፣ አንዱ ዙር ሌላው ላይ እንዳይወጣ አስተኛዋለሁ። አንድ ቀን መሃል ላይ ተበጠሰብኝ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ አየና፣ "የተበጠሰ ይቀጠላል። እናትሽ የጥፍር ቀለም አላት?" አለኝ። ቀጠልነው፤ መገጣጠሚያውንም በእማዬ ቀይ የጥፍር ቀለም ሸፈንነው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከኪቡሊ መስጊድ አዛኑ ሲያበቃ፣ የግቢው ሰው በርጩማውን ይዞ ይወጣል። ጋሽ ዘሪሁን ግን ዝም ብሎ አይለኩሰውም። በመጀመሪያ ሁሉንም ሰው መሣሪያውን ያስጎበኛል። "ተአምር አይደለም፤ አስቀድማችሁ ሽቦውን እዩ" ይላል። ከዚያ ኮይሉ ያጓራል፤ ሐምራዊ ቅርንጫፎች ከጫፉ ይፈልቃሉ፤ ራቅ ብዬ የያዝኩት ረጅም አምፖል ያለ ምንም ሽቦ እጄ ላይ ቦግ ይላል። ያኔ አባዬ ባየኝ እል ነበር።

አባዬ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከሄደ ቆይቶ ነበር። በኋላ አብሮት የተጓዘ ሰው ካምፓላ መጣና እቤታችን ተቀምጦ፣ አቀርቅሮ፣ አባዬ በረሃ ላይ እንደቀረ፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረን። እማዬን ደግፎ ያስቀመጣት ጋሽ ዘሪሁን ነው። እሷ ግን አላለቀሰችም። "አላምንም" አለች። ጎረቤት ሲለምናት ሰነበተና በመጨረሻ ለቅሶ ለመቀመጥ እሺ አለች፤ ጥቁር ልብስ አሰፋች። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምልክት ፈለገች።

ኦርቶዶክስ ብንሆንም በዚያ ሰሞን እማዬ የጸሎት ቤት አትመርጥም ነበር። አብራት ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት እሳት ይወርድበታል የሚባል አዳራሽ ወሰደችን። መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል። ሰባኪው፣ "የጠፋባችሁ ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሩን እሳቱ ይመሰክራል" አለ። መብራቱ ጠፋ። ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው። ከዚያ ያ ማጓራት ተሰማ፤ ሐምራዊ መብረቅም ጨለማውን ሰነጠቀው። ሰው ሁሉ በግንባሩ ተደፋ። እማዬም "አለ፣ በሕይወት አለ" እያለች ተደፋች።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከመድረኩ ጀርባ መጋረጃው ትንሽ ተከፍቶ ነበርና በመብረቁ ብርሃን ቀዩን የጥፍር ቀለም አየሁት። ጋሽ ዘሪሁን ማብሪያውን ይዞ አጠገቡ ተቀምጧል። እሱም አየኝ። ፊቱን አዞረ፤ እጁን ግን ከማብሪያው ላይ አላነሳም።

በማግስቱ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ተአምር አይደለም ትል አልነበር?"

"ሥራ ነው፣ ሜሮን። ድምፅ ማጉያቸውን ስጠግን ስለ ኮይሉ ሰሙ፤ ጠየቁኝ።"

"እማዬ እኮ አባዬ አለ ብላ አመነች።"

መበየጃውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ተስፋ ሰጠኋት እንጂ ምን ወሰድኩባት?" አለ።

ልጅ ነበርኩ። የወሰደባት ለቅሶዋን መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትራንስፎርመሩን፣ ጠርሙሶቹን፣ የራሷን የጥፍር ቀለም። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ። አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። "እግዚአብሔር በሽቦ መናገር ያቅተዋል?" አለችና ጥቁሩን ልብስ አጣጥፋ አልጋ ሥር ከተተችው። ካቶ ወሬውን ሲሰማ ከጋሽ ዘሪሁን ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ጠፋ፤ ቅዳሜያችንም በዚያው ቀረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጋሽ ዘሪሁን ወደ ናይሮቢ ሊሄድ ክፍሉን ለቀቀ። እማዬ ስንቅ ቋጠረችለት፤ እስከ በር ወጥታ መረቀችው። ስሜን ሲጠራ ከውስጥ ሰማሁት። አልወጣሁም።

ለአባዬ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እማዬ አርጅታለች፤ አሁንም "አባትሽ ሲመጣ" ትላለች፤ ከማይታወቅ ቁጥር ሲደወል ቀድማኝ ስልኩን ታነሳለች። እሷ ፊት ማልቀስ አባቴን ሁለተኛ መግደል ይሆንብኛል። ስለዚህ ያለቀስኩለት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቦዳ ላይ ነው፤ ከባዱ የካምፓላ ዝናብ እየወረደ፣ ከማላውቀው ሹፌር ጀርባ ተደብቄ። ቤት ስገባ እማዬ ፎጣ ይዛ ተቀበለችኝ።

"ዓይንሽ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ዝናቡ ነው" አልኳት።