ሳይሰበር የቀረው ሰማያዊ መስመር

ሰው ሁሉ የሚጠራው «ዓይኔ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ደንበኛ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ከጠየቀው መልሱ ሁልጊዜ «ዓይኔ አይቶታል» ነው። ቡሎን በማጥበቅ ጉዳይ ሚስቱን እንኳ አያምንም ይሉታል። ምስኪኗ ሚስቱ ቡሎን ነክታ አታውቅም።

ታናሽ ወንድሙን ከጋራዡ ያባረረውም ይህን ዓይኑን አምኖ ነው። አብረው ሲሠሩ አንድ ሕግ ነበራቸው። ያጠበቀ ሰው ምልክት አያደርግም፤ አንዱ ያስራል፣ ሌላው በራሱ ቁልፍ ሞክሮ በቀለም ያሰምርበታል። የተሰመረበት ሥራ አልቋል ማለት ነው፣ ማንም መልሶ አይነካውም። የታናሽየው ቀለም ቢጫ፣ የዓይኔ ሰማያዊ ነበር። ዓይኔ ሲያሰምር እጁ አይሰስትም። ቡሎኑን ከሚያስረው ዳዶ ጀምሮ ብራቾው ድረስ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር እስከሚያያይዘው ክንድ ድረስ፣ በአንድ ጭረት ይጎትተዋል።

ታዲያ አንድ የጥርስ ሐኪም ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይ የድሮ የስፖርት መኪና ነበረችው። የኋላዋን ወንድማማቾቹ ሠርተው ከሰጡት ብዙም ሳትቆይ ጥምዝ መንገድ ላይ ኋላዋ ከዳትና ከግንብ ጋር ተላተመች። ሐኪሙ እግሩ ተሰበረ። ዓይኔ መኪናዋን ሳያያት ነገሩ የገባው መሰለው። በብራቾው ጫፍ የሚገባው የላስቲክ ቀለበት፣ ቦኮላ የሚሉት፣ የሚጠብቀው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዎቿ ስትቆም ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ፣ መሬት ስትነካ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይቀርና ውሎ አድሮ ይቀደዳል።

«ተንጠልጥላ ነው ያጠበቅካት» አለው ወንድሙን፣ ሰው ፊት። «እኔ ካሰመርኩ በኋላ ነካክተሃል። የኔ ቀለም በተንጠለጠለ መኪና ላይ አያርፍም።»

ታናሽየው አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ቃል ሳይተነፍስ ቁልፎቹን ሰብስቦ ወጣ፤ ዓይኔም ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠረው። ከዚያ ወዲያ ታናሽየው የሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ ደረቱን ታመመና ሞተ። አልታረቁም።

መኪናዋን ሐኪሙ በንዴት መጋዘን ውስጥ ስለቆለፈባት ዓይኔ ሳያያት ዓመታት አለፉ። ሐኪሙም ሲሞት ልጁ ወረሰቻትና በጭነት መኪና አስጭና ይዛት መጣች።

«ጋሼ፣ አባቴ እዚህ ጋራዥ ድርሽ እንዳትዪ ብሎኝ ነበር» አለችው እየሳቀች። «ግን የሷን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም አሉኝ።»

ዓይኔ እምቢ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ አንዲት ጥያቄ እንቅልፍ ነስታዋለች፤ እሱ ባይሆንስ? የወንድሙን ጥፋት በዓይኑ አይቶ መገላገል ፈለገ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ካቫሌቶ በሚሉት የብረት ድጋፍ ላይ አሳረፋት። የኋላ ጎማዎቿ ተንጠለጠሉ። ካርቶን አንጥፎ ሥሯ ገባ። ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ እሱ በግራ፣ ወንድሙ በቀኝ ይተኙ ነበር። ወንድሙ ከመግባቱ በፊት ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ሁለቴ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ መጣሁ ማለቱ ነው። ዓይኔ እጁን ወደ ዳዶው ሲሰድ ያንኑ ኳ ኳ ሰማ።

አንገቱን አዞረ። ማዶ የሰው ጫማ ፈለገ፤ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይጮሃል አለ ለራሱ፤ መኪናዋ ግን ሞተሯ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳያስበው፣ እጁን ወደ ማዶ ዘርግቶ «አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ» አለ። የሚያቀብለው የለም። እጁን ቶሎ አልሰበሰበም። ፈርቷል፤ ግን ማዶ ያለው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እንዲሄድበትም አልፈለገም።

በግራ በኩል፣ እሱ ራሱ ባሰረው ላይ፣ የወንድሙ ቢጫ መስመር በዝገቱ መሃል ይታያል። ተሰብሯል፤ የዳዶው ወዲህ፣ የብራቾው ወዲያ። ትክክል ነው። መሬት ላይ ቆማ የተሰመረባት መኪና ስትንጠለጠል ብራቾዋ ወደ ታች ስለሚወርድ መስመሩ መሰበር አለበት። ተንፏቆ ወደ ቀኝ፣ ወደ ወንድሙ ቦታ ሄደ። እዚያ ቦኮላው እንደ አሮጌ ሶል ተዘልዝሏል። የራሱን ሰማያዊ መስመር በጨርቅ ጠረገው። ከዳዶው እስከ ብራቾው ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልተሰበረ አንድ ጭረት ነው። ደግሞ ጠረገው።

ዳዶው ከተሰመረበት ወዲህ የነካው ሰው የለም። የተሰመረውም መኪናዋ ልክ እንደ አሁኑ ተንጠልጥላ ሳለች ነው። ወንድሙ ለጊዜው ያሰረውን፣ አውርዶ ሊጨርሰው የተወውን፣ እሱ በራሱ ቁልፍ ጨምሮ አጥብቆ ያለቀ ነው ብሎ አሰመረበት። ወንድሙም ሕጉን አክብሮ ሳይነካው ቀረ።

እጁን ሳይታጠብ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። የወንድሙ ሚስት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች።

«እቴ፣ ባልሽ አላጠፋም» አላት ገና ሳይቀመጥ። «እኔ ነኝ። መኪናዋን አየኋት።»

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ያን ዕለት ነግሮኛል። ሳልጨርስ አሰመረበት፣ እኔም ቀለሙን አይቼ ተውኩት አለኝ። ታዲያ ለምን አትነግረውም ስለው፣ ሰው ጋራዡ የሚመጣው የወንድሜን ዓይን ብሎ ነው፣ እሱን ካጣ ምን ይቀረዋል አለ።»

ዓይኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ፊቱን እንኳ በዚያ ግራሶ በነካው እጁ መሸፈን አልቻለም።

«ምነው አንቺስ ብትነግሪኝ?»

«አደራ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ።» አንድ ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች። «እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ። ልጆቼ ግን አባታችሁ በሥራው ሰው ሊገድል ነበር እየተባሉ ነው ያደጉት። ለነሱ በራስህ አፍ ንገራቸው። ግባና ጠብቃቸው።»

ገባ። ትናንሾቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ጋሼ» እያሉ ጉንጩን ሳሙት፤ እጆቹን ጭኑ ሥር ደብቆ ተቀመጠ። ትልቁ ልጅ መጨረሻ ላይ ከሥራ መጣ። አጎቱን ቤታቸው ውስጥ ሲያየው ቦርሳውን ሳያወርድ በሩ ላይ ቆመ።

«አባባ ደግሞ ምን አጥፍቶ ተገኘ?» አለ።