ሊመሰክሩልኝ የወረዱት ሽማግሌ

ለሚኒባሴ ሙሉ ኢንሹራንስ ልገባ ስሄድ ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ «መንገድሽ የት የት ነው?» አለኝ። ከደብረ ታቦር ክምር ድንጋይ አልኩት። የጉናን ቁልቁለት፣ የጠዋቱን ጉም፣ አስፋልት ላይ የሚተኛውን በግ ሁሉ ሳያውቀው አልቀረም፤ ራሱን ነቀነቀ። «ተጨማሪ የማሽከርከር ስልጠና ውሰጂና እናስገባሻለን» አለ። ወንድ ብሆን ይህን ይለኝ ነበር ወይ ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ከዚያ ቢሮ በሆዴ ይዤ ከወጣሁት ሁሉ ትንሹ እሱ ነው።

ባለቤቴ ሲሞት ለእኔና ለልጆቹ የተወልን ያችን መኪና ነበር። ሾፌር ቀጥሬ ብሞክር ገቢው እጄ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና መሪውን ራሴ ያዝኩ። የምንበላው ከእሷ፣ ልጆቹ የሚማሩት ከእሷ። እሷ ከቆመች እኛም ቆምን ማለት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካልገባሁ ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ስልጠናው በጥር ፈረስ በሚጋለብበት ሜዳ ላይ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ አሰልጣኝ አሮጌ ጎማ ደርድሮ፣ ሣሩን በቦቴ ውሃ አርጥቦ፣ በፍጥነት እየነዳን ድንገት ፍሬን እንድንይዝ ያደርገናል። ሌሎቹ ሰልጣኞች የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። መጀመሪያ ቀን ተንሸራትቼ ጎማውን ሁሉ ብበታትነው አንዱ ከዳር ሆኖ፣ «እታለም፣ ኮርቻ እናምጣልሽ?» አለኝ።

«አምጣው፤ ልጓሙን ግን ለአፍህ አስቀረው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ሳያካፍሉኝ አይበሉም ነበር።

አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። «የምትገጪውን አትይ፤ መውጫውን እይ። እጅሽ ዓይንሽን ይከተላል» ይለኛል። በመጨረሻው ቀን ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ሰበሰበንና፣ «አንድ ነገር። ግጭት ከደረሰ ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳትሉ። ኢንሹራንሱ ሳያውቅም እርቅ እንዳትቀመጡ» አለን። ያ ኮርቻ ያለኝ ሾፌር፣ «ታዲያ ሰው ወድቆ እያየን ምን እንበል? እንዴት ዋላችሁ?» ሲል ሜዳው በሳቅ ሞላ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ።

ስልጠናውን ጨርሼ ውሉን ፈረምኩ፤ ኢንሹራንስ ገባሁ። ክረምት ሲገባ ከክምር ድንጋይ ስመለስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ዝግ ብዬ ነው የምነዳው። አንድ ሽማግሌ ገብስ የጫነች በቅሎ ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። በቅሎዋ ደንብራ መሀል አስፋልት ገባች፤ እሳቸውም ገመዱን አልለቅም ብለው ተከተሏት። ዓይኔ መውጫውን ፈለገ። ፍሬኑን እንደተማርኩት ያዝኩ፣ መሪውን ወደ ዳር መለስኩ። መኪናዋ በቅሎዋን መትታ ቦይ ውስጥ ገባችና ከድንጋይ ጋር ተላተመች። ተሳፋሪው ሁሉ ደህና ነው። ሽማግሌውም ገመዱን እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል። በቅሎዋ ግን ሞተች፤ የመኪናዬም ፊት እስከ ሞተሯ ተጨፈለቀ።

ትራፊኩ መጥቶ ለክቶ፣ መንገድ የዘጋችው በቅሎዋ ናት ብሎ ጽፎልኝ ሄደ። ሕዝቡ ግን አልተበተነም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቂም ሳይበርድ መለያየት ነውር ነው። የአጥቢያው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሣር ላይ ተቀመጥን። በእርቅ ላይ ጥፋተኛው ማነው ተብሎ አይመረመርም፤ ሁለቱም ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይጎትታሉ። ሽማግሌው ቀድመው ተነሡ።

«ያልተገራች በቅሎ ይዤ አስፋልት የወጣሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

በቅሎዋ አጠገባቸው ተዘርግታ እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ? «የለም አባቴ፣ አንቱ ምን አደረጉ። መሪ የያዝኩት እኔ፣ ጥፋቱም የእኔ» አልኩ። ተሳሳምን። የበቅሎዋን ካሳ ልስጥ ብል፣ «ነፍሴን ያተረፈች ልጅ ደግሞ ካሳ ትሰጠኛለች?» ብለው እጄን መለሱት።

ኢንሹራንሱ ወረቀቴን ተቀብሎ «ጠብቂ» አለኝ። ጠበቅሁ። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ዝናብ እየጠጣች ትጠብቃለች። ይህን ወሬ ሽማግሌው ሰሙ። አንድ ጠዋት ቢሮው ውስጥ ተራ ይዤ ሳለሁ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

«ስለዚች ልጅ ልመሰክር ነው የመጣሁ» አሉት ባለቢሮውን።

ወንበር ሳበላቸው።

«ጨዋ ናት። እኔ ጥፋቱን በራሴ ባደርገው አሻፈረኝ አለች። በመስቀል ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አምና ታረቅን። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ሰውዬው ብዕሩን አነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብላለች፣ አባባ?»

«እንዴታ። አገር ሰምቷል። ቄሱንም ከፈለግህ አመጣልሃለሁ።»

ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። አይ፣ እንዲያ አላልኩም ብል ውሸታም የማደርገው እሳቸውን ነው። እኔም ፈገግ አልኩላቸው።

መልሱ አልቆየም። ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ሳላስፈቅድ ታርቄያለሁ፣ ስለዚህ አይከፈለኝም። «ውሉ ላይ አለ» አለኝ ሰውዬው። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ፊደል ለብቻዬ ቆጥሬ ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ የአማርኛ መጽሐፍ ከያዝኩ ድስቴ ያርራል። ያንን ውል ግን ፈረምኩት እንጂ አላነበብኩትም። «አሰልጣኙስ አልነገራችሁም?» አለ። ነግሮናል። እነሱ ያዘዙኝ ስልጠና ባይሆን ኖሮ፣ ሽማግሌው ተርፈው የሚመሰክሩበት አንደበት አይኖራቸውም ነበር። ይህን ልነግረው አስቤ ተውኩት።

መኪናዋን የወረታ ሰው ለመለዋወጫ ገዛት። አሁን መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች እሸጣለሁ። ሽማግሌው ለገበያ ሲወርዱ አንድ ቅዳሜ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ምነው እዚህ? መኪናዋስ?»

«ሥራ ላይ ናት አባቴ። ሾፌር ቀጥሬላታለሁ።»

«ሰዎቹ ከፈሉሽ?»

«ከፈሉኝ።»

«አላልኩሽም? እኔ ባልመጣ መች ይሰሙሽ ነበር» አሉና ደስ ብሏቸው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትኩስ ድንች ልጬ ሰጠኋቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከእኔ ጤና ቀጥሎ የሚጠይቁት የመኪናዋን ነው። ባለፈው ቀለም አስቀባኋት ብያቸዋለሁ።