ባሏ ቁርስ የሚበላበት ቤት

ፉሳኤ በዚያች የባሕር ዳርቻ ከተማ አርባ አራት ዓመት ስትኖር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን ኡዶን ቤት አንድ ቀን እንኳ ረግጣው አታውቅም ነበር። ቤቱ ከደጃፏ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ ማለዳ ከጣሪያው የሚትጎለጎለው እንፋሎትና ግድግዳውን ተደግፈው የሚቆሙት ብስክሌቶች ለአገሬው ሰው በቂ ምልክት ናቸው። ኡዶን የሚሆነው የስንዴ ሊጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግር የሚረገጠው፣ ተዳምጦ እንደ ወፍራም ክር የሚቆረጠው፣ በትልቅ ድስት የሚቀቀለውም እዚያው ነው።

ባሏ ኢዋዎ ግን ከእሑድ በቀር ቀርቶ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ “መጣሁ” ይልና ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የዝንጅብልና የደረቀ ዓሣ መረቅ እየሸተተ ይመለስና የሾፌር ኮቱን ለብሶ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ያው ነው፤ የቀረው ኮቱ ብቻ ነው።

ኢዋዎ ዝምተኛ ነው። ከእሱ አፍ ቃል ማውጣት ከአለት ውኃ እንደ መቅዳት ነበር። ፉሳኤም ቀስ በቀስ ለመደችው እንጂ መጀመሪያ ላይ ቅር ይላት ነበር። ሰው ዝም ብሎ አይኖርም፤ ለእኔ የነፈገኝን ወሬ እዚያ ከወንዶቹ ጋር ያወራው ይሆናል ብላ ታስብ ነበር። አንድ ቀን እንኳ “ነይ አብረን እንሂድ” ብሏት አያውቅም። እሷም “ውሰደኝ” ብላ አታውቅም፤ ምክንያትም ነበራት።

ፉሳኤ የተወለደችው ከባሕሩ ማዶ፣ ኮክ ከሚያለሙ ሰዎች ቤት ነው። ኢዋዎ ያኔ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ገመድ ሳቢ ነበር፤ እሷ ደግሞ ስፌት ልትማር በዚያው ጀልባ ትመላለሳለች። ዓመት ሙሉ በዓይን ብቻ ተነጋገሩና ተጋቡ። ኋላ ድልድዩ ተሠርቶ ጀልባው ሲቆም ነው አውቶቡስ መንዳት የያዘው።

እንግዲህ በተጋቡ በሳምንቱ አማቷ ኡዶን አቀረቡ። በዚያ አገር ኡዶን አይታኘክም። በመብያ እንጨቱ አንስተው ፉት ያደርጉትና ይውጡታል፤ “ኡዶን የጉሮሮ እንጂ የጥርስ አይደለም” ይላሉ። ፉሳኤ ይህን አላወቀችም። አንገቷን ደፍታ ቀስ ብላ ስታኝክ አማቷ አዩዋትና፣ “ምነው ልጄ፣ እንደ ላም ታመነዥጊያለሽ?” አሉ። ገበታው በሙሉ ሳቀ። ኢዋዎም ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ የቤተሰብ ቀልድ ነው። ነገር ግን ሀያ አራት ዓመቷ ነበር፣ የእናቷ ቤት ከባሕር ማዶ ነው፣ ያለፈውን ሌሊትም ስታለቅስ ነው ያደረችው። የመብያ እንጨቷን አስቀመጠችና፣ “ይቅርታ፣ ኡዶን ሆዴን ያመኛል” አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ሩዝ እንጂ ኡዶን ተቀቅሎ አያውቅም። አማቷ ሞቱ፤ ውሸቱ ግን አልሞተም። ዓመታት ሲያልፉ ፉሳኤ ራሷም ውሸት መሆኑን እየረሳችው ሄደች።

ኢዋዎ ሰባ ሁለት ዓመት ሲሆነው መስከረም ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፤ የነበሩት ጥቂት ቃላትም ተሰወሩ። ከሆስፒታል ሲወጣ ለስላሳ ነገር ቢሰጠውና ቀስ ብሎ ቢያኝክ መዋጥ እንደሚችል ሐኪሞቹ ነግረዋታል። እሱ ግን አልበላ አለ። ፉሳኤ ሩዙን አላመች፣ ዱባውን አደቀቀች፣ ዓሣውን አጥንቱን ለቅማ በማንኪያ ይዛ ፊቱ ቆመች። ሁለት ማንኪያ ይቀበላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ኅዳር ሲገባ ትከሻው እንደ ልብስ መስቀያ ሆኖ ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው ነርስ ኮንዶ ትባላለች። አንድ ቀን ክብደቱን መዘነችና ፉሳኤን ወደ ማድቤት ጠርታ፣ ጉሮሮው ለስላሳ ነገር ይውጣል፣ የተዘጋው ልቡ ነው አለቻት። ከዚያም፣ “እትዬ ፉሳኤ፣ ባለቤትዎ አጥብቀው የሚወዱት ምግብ ምንድነው?” ብላ ጠየቀቻት።

ፉሳኤ መልሱን ታውቀዋለች። ግን ምን ምን እንደሚል አታውቅም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ባሏ በየቀኑ የሚበላውን ነገር ጣዕም አታውቀውም። ይህን ስታስብ ፊቷን እሳት ላሰው።

በማግሥቱ ጎረቤቷን ኢዋዎ ዘንድ አስቀምጣ ሐዲዱን ተሻገረች።

ኡዶን ቤት ለለመደው ሰው ቀላል ነው፤ ላልለመደው ግን ፈተና ነው። ሰልፉ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። የሊጥ ዱቄት እስከ ክርኗ የነካት አንዲት ሴት፣ የቤቱ ባለቤት ቶዮኮ፣ ቀና ሳትል “ስንት?” አለቻት።

“አንድ ሰው ነኝ።”

“ሰውማ አንድ እንደሆኑ አያለሁ፤ ስንት ጥቅል?”

ፉሳኤ አንድ አለች። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አንድ ጥቅል ነጭ ኡዶን ወደቀላት። ከዚያ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። ከኋላዋ ያለው ሰው ተጠጋ፣ ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ። የሣር ምንጣፍ ሲሠሩ የኖሩ ማሱዳ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ ከኋላዋ የቆሙት፤ ሳህኗን ከእጇ ወስደው ኡዶኑን ወንፊቱ ውስጥ ገለበጡና የፈላው ውኃ ውስጥ ነከር ነከር አድርገው መለሱላት። ወደ መረቁ ቧንቧም በአገጫቸው አመለከቷት። ቧንቧውን ስትከፍተው መረቁ በኃይል መጣና እጅጌዋን አራሰው። ትታው ልትወጣ ምንም አልቀራትም። ማሱዳ ግን የሽንኩርት ቅጠልና ዝንጅብል ጣል ጣል አድርገውላት፣ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላት።

አንስታ ፉት አለች። አመለጣት። ደግማ ያዘችውና እንደ ጥንቱ ቀስ ብላ አኘከችው። ዙሪያዋን አየች፤ የሚያያት የለም። ኡዶኑ ሲነክሱት እንደ ሕፃን ጉንጭ ይመለሳል፤ መረቁ ባሕር ባሕር ይላል። ይጣፍጣል። ጣፍጦ ደግሞ ሽታው የኢዋዎ ሽታ ነው፤ በየማለዳው በሯን ከፍቶ የሚገባው ያ ሽታ። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ መረቁን እስከ ታች ጠጣችው።

ሰልፉ ሲሳሳ ወደ ቶዮኮ ሄዳ፣ ለታመመ ሰው ይዤ ብሄድ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ አለቻት። ማነው የታመመው ስትባል የባሏን ስም ተናገረች።

ቶዮኮ ቢላዋዋን አስቀመጠች። አግዳሚው ላይ የነበሩትም ቀና አሉ። ከመስከረም ጀምሮ ኢዋዎ የት ገባ ሲሉ ነበር፤ ቤቱን ግን ማንም አያውቀውም።

“የኢዋዎ ሚስት ነዎት?” አለች ቶዮኮ። “ኡዶን ሆዷን የሚያማት?”

ፉሳኤ ደነገጠች። “ስለ እኔ ያወራ ነበር?”

ማሱዳ ሳቁ። “ኢዋዎ? ያወራል? እኔ ሠላሳ ዓመት አጠገቡ በልቻለሁ፤ ከአፉ የሰማሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ‘ሁለት ጥቅል፣ ትኩስ’ ነው።”

“ሁለተኛውስ?”

ሽማግሌው የመብያ እንጨታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ አንድ ጊዜ ነገር ፍለጋ፣ ምነው ሚስት የለህም እንዴ፣ በየቀኑ እዚህ የምትበላው ብለው እንደ ቀለዱበት ነገሯት። ኢዋዎ መልስ አይሰጥም ብለው ነበር። እሱ ግን ሳህኑን ጨርሶ፣ አፉን ጠርጎ እንዲህ አለ፦ “ኡዶን ሆዷን ያማታል። እሷ ለእኔ ብላ አገሯን ትታ መጣች። እኔ ለእሷ ብዬ ኡዶኑን ከቤቷ ባርቅ ምን ይከብደኛል?”

ፉሳኤ ያ ሁሉ ዘመን እሷን መሸሽ ይመስላት የነበረውን ለእሷ ሲል እንዳደረገው ገባት። ከዚያም ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር፣ ለዱቄታሟ ሴትና ለማታውቃቸው ሽማግሌ ተናገረች።

“ሆዴን አሞኝ አያውቅም። አኩርፌ የዋሸሁት ነው።”

ቶዮኮ አየቻት፣ አየቻትና፣ “እንግዲያው አርባ ዓመት ሁለታችሁም በከንቱ ለየብቻ በላችኋላ!” አለች። ፉሳኤ እያለቀሰች ሳቀች።

ነገር ግን ችግር ነበር። ኡዶን ከድስቱ ከወጣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይሞታል ይላሉ፤ ቶዮኮም የቆየ ኡዶን ለሰው ሰጥታ አታውቅም፤ አባቷም አልሰጡም። ከዚያ ይልቅ የከበደው፣ የዚህ ቤት ኡዶን ስሙ የወጣው በጥንካሬው ነው። የኢዋዎ ጉሮሮ ደግሞ ጠንካራ ነገር አይችልም። ፉሳኤ የነርሷን ቃል ስትነግራት ቶዮኮ ክንዷ ላይ የደረቀውን ሊጥ እየላጠች ብዙ አሰበች። በመጨረሻም ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሲቀል፣ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ አለቻት። ነርሷም ትምጣ፣ ቀምሳ ትፍቀድ አለች።

ሐሙስ ቶዮኮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ኡዶን ግማሽ ሰዓት ቀቀለች። ሁለት ጊዜ ክዳኑን ከፍታ ልታወጣው ስትል እጇን እንደምንም ያዘች። “አባቴ ቢያዩኝ በመዳመጫው ነበር የሚሉኝ” እያለች በመቀስ አሳጥራ ቆረጠችው። መረቁንም ትን እንዳይለው ነርሷ ባመጣችው ማወፈሪያ ዱቄት አወፈረችው። ኮንዶ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች፣ በምላሷ ጨፈለቀችና እሺ አለች።

ፉሳኤ ኢዋዎን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ስትገባ ማንም ግር ግር አላለም። ማሱዳና አንድ ሌላ ደንበኛ አግዳሚውን ብቻ ገፋ አደረጉለት። ቶዮኮ ከድስቱ ኋላ ቆማ፣ ለማንም እንደምትለው፣ “ስንት?” አለች።

ኢዋዎ ድስቱን አየ፣ እሷን አየ። ግራ እጁን አንስቶ ቀስ ብሎ ሁለት ጣት አሳየ። ቶዮኮ ፊቷን አዙራ ዱቄት ያልነካውን የክንዷን ጫፍ ፈልጋ ዓይኗን ጠረገች።

የመጀመሪያውን እንደ ልማዱ ፉት ሊለው ሞከረ። ትን አለው። ኮንዶ ጀርባውን ያዘች። ሳሉ ሲያልፍለት ፊቱ ጠቆረ፤ ሳህኑን በግራ እጁ ገፋ አደረገው። ያኔ ፉሳኤ ከፊት ለፊቱ የራሷን ሳህን አስቀመጠች። አነሳችና አፏ ውስጥ ከተተች። እያየችው፣ ሳታፍር፣ ረጅም ጊዜ አኘከች።

ኢዋዎ ትክ ብሎ አያት። አፏን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ እንደገና አፏን አየ።

“አላመመኝም” አለች ፉሳኤ። “ያኔም አላመመኝም። እናትህ ሲስቁብኝ፣ አንተም ስትስቅ አኮረፍኩ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ይቅር በለኝ።”

የኢዋዎ ፊት መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ደኅና የሆነው ግማሽ ከንፈሩ ወደ ላይ ተሳበ፤ ከደረቱም የታፈነ ድምፅ መጣ። ኮንዶ ደግሞ ትን አለው ብላ ብድግ አለች። ፉሳኤ ግን እጇን ያዘችና፣ “ተይው፣ እየሳቀ ነው” አለቻት። እሱም ሳቁ ሲበቃው አንዲት ቁራጭ ኡዶን አነሳና፣ እንደ ሚስቱ፣ ቀስ ብሎ አኘከ። አንዱን ጥቅል ጨረሰ። ሁለተኛውን ማሱዳ በሉለት።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ የሁለቱ ቀን ሆነ። የብርዱ ወራት ሲያልፍ ትከሻው ሥጋ ያዘ። ቃላትም ጥቂት ጥቂት ተመለሱ፤ የፉሳኤ ስም ቀድሞ መጣ፣ የማሱዳ ስም ግን አልመጣም፤ ሽማግሌው በዚህ ብዙ ጊዜ አኩርፈዋል። በሙቀቱ ወራት የፉሳኤ ወንድም ከማዶ ኮክ ይዞ ሲመጣ ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ ወንድሟ እንደ እህቱ ሲያኝክ አይታ ቶዮኮ፣ “ይሄማ በዘር ነው” አለች። ኢዋዎ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እንዲህ ኖረና፣ የስንዴው ማሳ መጎምራት በጀመረበት ሰሞን፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለ አረፈ።

ፉሳኤ አርባ ቀን ያህል ሐዲዱን አልተሻገረችም። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ቤቱ የራሷን መዋጥ እስክትሰማ ድረስ ጭር ሲልባት፣ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ ስትደርስ ኡዶን ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። ምርኩዝ የያዙ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ አንዲት ደግሞ እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር ያመጣች ሴት። ለኢዋዎ ሲባል የተጀመረው ለስላሳ ኡዶን እሷ በቀረችባቸው ቀናት ወሬው ተሰምቶ፣ መዋጥ ስላስፈራቸው ዓመታት የቀሩ ደንበኞች አንድ በአንድ ተመልሰው ኖሯል። ቶዮኮ ግን በአንድ እጇ ጠንካራውን፣ በሌላው ለስላሳውን ይዛ ላቧ ይንጠፈጠፋል። ፉሳኤን ስታያት አላጽናናቻትም። “መቀሱ እዚያ አለ” አለቻት ብቻ።

ፉሳኤ እጅጌዋን ሰበሰበችና እጇን ታጠበች። ባለ ተሽከርካሪዋ አሮጊት ልጅ ጠጋ ብላ፣ እናቴ ለብዙ ጊዜ አልበላ ብላኝ ነበር፣ ቤትም ልሞክረው እፈልጋለሁ፣ ስንት ደቂቃ ነው የሚቀቀለው ብላ ጠየቀቻት።

“ግማሽ ሰዓት” አለች ፉሳኤ። “ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ። ስትሰጫቸው ደግሞ ቆመሽ አትይያቸው፤ አንቺም ሳህንሽን ይዘሽ ከፊታቸው ቁጭ በይ።”

ከዚያም የሽንኩርት ቅጠሉን መክተፍ ጀመረች። ማሱዳ ከአግዳሚው ሆነው፣ አወፈርሽው እኮ፣ እንጨት ነው እንዴ የምትፈልጪልን አሏት። እሷም ቀጠን አድርጋ መክተፏን ቀጠለች።